ማን ይቀድማል? ኩዌሪ ቋንቋዎች የሰነድን ተራ እንዴት ይይዙታል

የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ተራ የለውም። ኤስኪውኤልን (ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ) የነካ ሰው ሁሉ ይህን ቶሎ ይማራል። «በዚህ ተራ ደርድር» የሚለው ኦርደር ባይ ካልተጻፈ ረድፎቹ በፈለጉት ተራ ይመጣሉ። ዛሬ በገቡበት ተራ ቢወጡ እንኳ ነገ አንድ ኢንዴክስ ሲጨመር ሊዘበራረቁ ይችላሉ። ዳታቤዙን መውቀስ አይቻልም፤ ተራ እጠብቃለሁ ብሎ ቃል አልገባም።

ሰነድ ግን ሌላ ነው። የአንድን ደንብ አንቀጾች ብታደባልቁ ደንቡ ሌላ ደንብ ይሆናል። አንድ አንቀጽ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ካለ፣ የተጠቀሰው ነገር የግድ ከላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ ለሰነድ ተብለው የተሠሩት የኩዌሪ (የመጠይቅ) ቋንቋዎች፣ በተለይ ኤክስፓዝና ኤክስኩዌሪ፣ ኤስኪውኤል ወደ ጎን የተወውን ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው። ከሁለት ኖዶች (ሰነዱ ከተሠራባቸው ቁርጥራጮች፣ ማለትም ከታጎችና ከጽሑፎች) የትኛው ይቀድማል? ውጤቱስ በየትኛው ተራ ይውጣ?

ነገሩን የሚያከብደው ተራው ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ሰነዱ ራሱ ይዞት የመጣው ተራ ነው። ሌላው ኩዌሪው ሲሠራ የደረደረው ተራ ነው። አንዳንዴ ይገጣጠማሉ፣ አንዳንዴ አይገጣጠሙም። እዚህ አካባቢ የሚታዩት ባጎች አብዛኞቹ አንዱን በሌላው ቦታ ከመውሰድ የሚመጡ ናቸው።

የሰነዱ ተራ

እስከ መጨረሻው የምንሠራበት፣ በኤክስኤምኤል (ይዘቱ በመክፈቻና በመዝጊያ ታጎች በሚታጠርበት አጻጻፍ) የተጻፈ ትንሽ ሰነድ ይኸውና፦

```
<ደንብ>
  <ክፍል>
    <አንቀጽ>ሀ</አንቀጽ>
    <አንቀጽ>ለ</አንቀጽ>
  </ክፍል>
  <ክፍል>
    <አንቀጽ>ሐ</አንቀጽ>
    <አንቀጽ>መ</አንቀጽ>
  </ክፍል>
</ደንብ>
```

ሕጉ አጭር ነው። ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ስታነቡ የማን መክፈቻ ታግ ቀድሞ መጣ? እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ደንብ ከሌሎቹ ታጎች ሁሉ በፊት ነው። ቀጥሎ የመጀመሪያው ክፍል፣ ከዚያ «ሀ» እና «ለ»፣ ከዚያ ሁለተኛው ክፍል፣ በመጨረሻ «ሐ» እና «መ»። ወላጅ ሁልጊዜ ከልጆቹ ይቀድማል። የአንድ ክፍል ልጆችና የልጅ ልጆች በሙሉ ሳያልቁ ወደሚቀጥለው ክፍል አይታለፍም።

ሕጉ የሚላላባቸው ቦታዎች አሉ። አትሪቢዩቶች (መክፈቻ ታግ ውስጥ የሚጻፉ ስምና ዋጋዎች) ከያዛቸው ኤለመንት (ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ታግ ካለው) በኋላ፣ ከልጆቹ ደግሞ በፊት ይመጣሉ። እርስ በርሳቸው ግን ማን ማንን እንደሚቀድም ስታንዳርዱ አይወስንም፤ ለፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ኩዌሪውን ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ይተወዋል። ምክንያቱም በኤክስኤምኤል ዘንድ የአትሪቢዩት ተራ ትርጉም የለውም። የሚጠየቀው በአንድ ኩዌሪ ሥራ መሃል እንዳይለዋወጥ ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ሲኖሩም እንደዚሁ ነው። የትኛው ሰነድ እንደሚቀድም ፕሮሰሰሩ ይወስናል፤ አንዴ ከወሰነ ግን የአንዱ ሰነድ ኖዶች በሙሉ ከሌላው ኖዶች በሙሉ ይቀድማሉ እንጂ አይጠላለፉም።

ሌላ ዓይን የሚያመልጥ ነገር፦ በታጎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታና አዲስ መስመርም የጽሑፍ ኖድ ነው፣ ተራም ይይዛል። የክፍልን የመጀመሪያ ልጅ፣ ምንም ዓይነት ይሁን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አንቀጽ «ሀ» ላይመጣ ይችላል። አዲስ መስመርና አራት ስፔስ ይመጣላችሁና ግራ ትጋባላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ በግዕዝ ፊደል ታግ መጻፍ መጀመሪያ አይፈቀድም ነበር። ኤክስኤምኤል 1.0 እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ለታግ ስም የሚሆኑት ፊደላት ዝርዝር የተወሰደው ከዩኒኮድ 2.0 ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 በወጣው 3.0 ላይ ነው። ጽሑፉን በግዕዝ መጻፍ ይቻል ነበር፣ የታጉን ስም ግን አይቻልም። በሩ የተከፈተው በ2004 በኤክስኤምኤል 1.1፣ ከዚያም በ2008 በወጣው የ1.0 አምስተኛ እትም ነው።

ስላሽ ዝም ብሎ የሚሠራው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤክስፓዝ 1.0 ውጤቱን የኖድ ስብስብ አድርጎ ነበር የሚያየው። ስብስብ ስለሆነ ድግግሞሽ የለውም፣ በወረቀት ላይ ተራም የለውም። ተራው ግን በጓሮ በር ይገባል። ስብስቡን ወደ ጽሑፍ ስትቀይሩት የሚወሰደው በሰነዱ ተራ የመጀመሪያው ኖድ ነው። ኤክስኤስኤልቲም (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ የሚቀይረው ቋንቋ) ሶርት አድርግ፣ ማለትም ደርድር፣ ካልተባለ ኖዶቹን የሚያስተናግደው በሰነዱ ተራ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ኤክስፓዝ ማለት በሰነዱ ተራ የሚመልስ ነገር ነው ብሎ ለመደ።

በ2007 ኤክስፓዝ 2.0 እና ኤክስኩዌሪ 1.0 አብረው ሲወጡ ስብስቡ ቀረና ሲኩዌንስ (ተከታታይ ዝርዝር) ተተካ። ሲኩዌንስ የራሱ ተራ አለው፤ አንድ ኖድ ሁለት ጊዜም ሊገባበት ይችላል። አሁን ሁለቱ ተራዎች ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ። የትኛው ኦፕሬተር የትኛውን ተራ እንደሚያከብር ማወቅ ግዴታ ሆነ።

የመጀመሪያውን ክፍል `$ክ1`፣ ሁለተኛውን `$ክ2` እንበላቸውና እንሞክረው።

`($ክ2, $ክ1)` ብትሉ ኮማው እንዳላችሁት ያደርጋል፦ መጀመሪያ ሁለተኛው ክፍል፣ ቀጥሎ አንደኛው። `$ክ2 | $ክ1` ብትሉ ግን የሁለቱ ድምር በሰነዱ ተራ ይወጣል፦ አንደኛው ክፍል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ማንን ቀድማችሁ እንደጻፋችሁ ለዚህ ኦፕሬተር ጉዳዩ አይደለም።

አሁን ወደ ስላሽ እንምጣ፦

```
($ክ2, $ክ1)/አንቀጽ
```

ውጤቱ «ሀ ለ ሐ መ» ነው። እኛ ሁለተኛውን ክፍል አስቀድመን ሰጥተነዋል። ስላሹ ግን ያገኛቸውን ኖዶች ሰብስቦ፣ የተደጋገሙትን አውጥቶ፣ በሰነዱ ተራ ደርድሮ ነው የሚመልሰው። ይህን የሚያደርገው በእያንዳንዱ ስላሽ ላይ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በ2014 የወጣው ኤክስፓዝ 3.0 ለዚህ አማራጭ አመጣ፣ ቃለ አጋኖ፦

```
($ክ2, $ክ1) ! አንቀጽ
```

ይህ «ሐ መ ሀ ለ» ይሰጣል። ቃለ አጋኖው በግራ ያሉትን አንድ በአንድ ይወስዳል፣ የእያንዳንዱን ውጤት ከቀድሞው ኋላ ይቀጥላል፣ በቃ። ሶርት የለም፣ ድግግሞሽ ማውጣት የለም። በኤክስኩዌሪ ፎር ሉፕ ስትጽፉም ባህሪው ይኸው ነው።

ልዩነቱ የተራ ብቻ አይደለም። `//አንቀጽ/..` ማለት «የሁሉም አንቀጾች ወላጆች» ማለት ነው። አራት አንቀጽ አለ፣ የሚመለሰው ግን ሁለት ክፍል ነው፤ ስላሹ ድግግሞሹን አውጥቶታል። `//አንቀጽ ! ..` ብትሉ አራት ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ። ቁጥር እየቆጠራችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በጣም የሚያናድደው የሚከተለው ነው። ክፍሎቹን በኦርደር ባይ በአርዕስታቸው የፊደል ተራ ደርድራችኋል እንበል። የተደረደረውን ሲኩዌንስ ቫሪያብል ውስጥ አስቀመጣችሁ። ከዚያ አርዕስቶቹን ብቻ ለማውጣት `$የተደረደሩ/ርዕስ` ትላላችሁ። ድርደራው ጠፋ! ስላሹ ሁሉንም ወደ ሰነዱ ተራ መለሰው። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። እንዲያውም ለሙከራ የተጠቀማችሁበት ሰነድ ከመጀመሪያውም በፊደል ተራ የተጻፈ ከሆነ ስህተቱ ጨርሶ አይታይም፤ እውነተኛው ሰነድ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። መፍትሔው ስላሹን በቃለ አጋኖ መቀየር ብቻ ነው።

ስላሹ ሶርት የማያደርግበትም ጊዜ አለ። የመጨረሻው እርምጃ ኖድ ሳይሆን ቁጥር ወይም እንዲሁ ጽሑፍ (ስትሪንግ) የሚያወጣ ከሆነ የሰነድ ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ ውጤቱ እንደመጣ ይቀመጣል። ኖድና ቁጥር ከተደባለቁ ደግሞ ኤረር ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ሳነበው የተወሳሰበ መስሎኝ ነበር፤ ሲታሰብ ግን ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

ሁለት ኖዶችን በቀጥታ ማወዳደርም ይቻላል። `$ክ1 << $ክ2` ማለት «አንደኛው በሰነዱ ውስጥ ሁለተኛውን ይቀድማል ወይ?» ማለት ነው፣ መልሱም እውነት ነው። `>>` የዚህ ግልባጭ ነው። ኤክስኤስኤልቲ ውስጥ `<<`ን እንዲሁ መጻፍ አይቻልም፤ ኤክስኤስኤልቲ ራሱ ኤክስኤምኤል ስለሆነ ምልክቱ እንደ ታግ መክፈቻ ይቆጠራል፣ በኮድ መተካት አለበት። ብልጦቹ ግራና ቀኙን ገልብጠው `>>` ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ግን የማን አንደኛ?

እስካሁን ያልነው ስለ ውጤቱ ተራ ነው። በካሬ ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው።

```
//አንቀጽ[1]
(//አንቀጽ)[1]
```

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው «ሀ» እና «ሐ»ን ይመልሳል። ሁለተኛው «ሀ»ን ብቻ። ካሬ ቅንፉ የሚይዘው አጠገቡ ያለውን እርምጃ እንጂ ሙሉውን መንገድ አይደለም። ድርብ ስላሹ አሕጽሮተ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ሰነዱ ውስጥ ያለውን ኖድ ሁሉ ውሰድ፣ ከእያንዳንዱም ወደ ልጆቹ ውረድ» ይሆናል። ስለዚህ `[1]` የሚለው «ለወላጁ አንደኛ የሆነ አንቀጽ» ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አንደኛ አለው። ከሰነዱ ሁሉ አንደኛውን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መንገዱን በቅንፍ መዝጋት ነው።

ከዚህ የባሰው ወደ ኋላ ስትሄዱ ነው። ኤክስፓዝ ውስጥ ከአንድ ኖድ ወደ ሌላው የምትሄዱበት አቅጣጫ አክሲስ ይባላል። ወደ ቅድመ አያቶች የሚወስዱት ሁለቱ፣ ከፊት ወዳሉት ወንድሞች የሚወስደውና ከፊት ወዳለው ሁሉ የሚወስደው ፕሪሲዲንግ የሚባለው የኋሊት አክሲሶች ናቸው። «መ» ላይ ቆማችሁ ይህን ጻፉ (ቁልፍ ቃሉን እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ኮዱ ላይ በላቲን ነው)፦

```
ፕሪሲዲንግ::አንቀጽ
ፕሪሲዲንግ::አንቀጽ[1]
(ፕሪሲዲንግ::አንቀጽ)[1]
```

የመጀመሪያው «ሀ ለ ሐ» ይመልሳል፣ በሰነዱ ተራ። ሁለተኛው «ሐ»ን። ሦስተኛው «ሀ»ን። ምን ተፈጠረ? በኋሊት አክሲስ ላይ ካሬ ቅንፉ የሚቆጥረው ከቆማችሁበት ጀምሮ ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ አንደኛው የቅርቡ ነው። ቅንፍ ሲዘጋ ግን አክሲሱ ሥራውን ጨርሷል፣ የቀረው በሰነዱ ተራ የተደረደረ ሲኩዌንስ ነው፤ አንደኛው የሩቁ ሆነ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ያማርራል። እኔ ግን ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ወደ ኋላ ስንፈልግ ዘጠና ከመቶ የምንፈልገው ቅርቡን ነው፦ ከዚህ ሥዕል በፊት ያለውን ርዕስ፣ ይህን አንቀጽ የያዘውን የቅርብ ክፍል። ለዚህ `[1]` ማለት ሲበቃ ስንት ልጅ እንዳለ ቆጥሮ ከመጨረሻው መቀነስ ምን ያደርጋል?

ይህ ሁሉ ሶርት አይከብድም?

ይከብዳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሮች የሚችሉትን ያህል ይሸሹታል። ከአንድ ኖድ ተነስታችሁ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ልጆቻቸው ብትወርዱ ውጤቱ በራሱ በሰነዱ ተራ ነው የሚመጣው፣ ድግግሞሽም ሊኖረው አይችልም። ጥሩ ፕሮሰሰር ይህን ገና ኩዌሪው ሳይሮጥ ያውቅና ሶርቱን ይዘልለዋል።

`//ክፍል/አንቀጽ` ላይ ግን መዝለል አይችልም። አንድ ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል ቢኖርስ? የውጪው ክፍል መጀመሪያ አንቀጽ 1ን፣ ቀጥሎ አንቀጽ 2ን የያዘ የውስጥ ክፍል፣ በመጨረሻ አንቀጽ 3ን ይዟል እንበል። ፕሮሰሰሩ የውጪውን ክፍል ልጆች ሲያወጣ 1 እና 3ን ያገኛል፣ ቀጥሎ ከውስጠኛው 2ን። የሰነዱ ተራ ግን 1፣ 2፣ 3 ነው። መደርደር የግድ ነው።

ለመደርደር ደግሞ «ማን ይቀድማል» የሚለው ጥያቄ በፍጥነት መመለስ አለበት። ዛፉን በእያንዳንዱ ጊዜ ከላይ ጀምሮ መውረድ አያዋጣም። ስለዚህ ዳታቤዞች ለእያንዳንዱ ኖድ ቁጥር ይሰጡታል። የቁጥር አሰጣጡ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኗል።

ቀላሉ መንገድ መክፈቻ ታጎቹን በተራ መቁጠር ነው። በእኛ ሰነድ ጽሑፎቹን ትተን ኤለመንቶቹን ብቻ ብንቆጥር ደንብ 1፣ አንደኛው ክፍል 2፣ «ሀ» 3፣ «ለ» 4፣ ሁለተኛው ክፍል 5፣ «ሐ» 6፣ «መ» 7። መዝጊያ ታጎቹን ደግሞ ለብቻ ብንቆጥር «ሀ» 1፣ «ለ» 2፣ አንደኛው ክፍል 3፣ «ሐ» 4፣ «መ» 5፣ ሁለተኛው ክፍል 6፣ ደንብ 7። በሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል። ሁለተኛው ክፍል (5፣ 6) ነው፣ «መ» (7፣ 5)። ክፍሉ ቀድሞ ተከፍቶ ኋላ ተዘጋ፤ ስለዚህ «መ» ውስጡ ነው። «ለ» (4፣ 2)፣ «ሐ» (6፣ 4)፤ «ለ» ቀድሞ ተከፍቶ ቀድሞም ተዘጋ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቀድማል። ዛፉን ማየት እንኳ አላስፈለገም፣ ሁለት የቁጥር ማወዳደር ነው።

ችግሩ ሰነዱ ሲለወጥ ይመጣል። መሃል ላይ አንድ አንቀጽ ከገባ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ቁጥሩ ይቀየራል። ሚሊዮን ኖድ ባለው ሰነድ መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር መጨመር የሚሊዮን ቁጥር ማስተካከያ ይሆናል።

ሌላው መንገድ መንገዱን ራሱን ቁጥር ማድረግ ነው፦ ደንብ 1፣ ክፍሎቹ 1.1 እና 1.2፣ «መ» 1.2.2። የዱዊ ቁጥር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ካወጣው የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ነው። እዚህ አዲስ ኖድ ሲገባ የሚነካው ተከታይ ወንድሞቹንና ልጆቻቸውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ማወዳደር ግን ጣጣ አለው፤ እንደ ጽሑፍ ከታዩ 1.10 ከ1.9 ይቀድማል።

ከሁሉም የምወደው ማይክሮሶፍት ለኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 የተጠቀመበትን ኦርድፓዝ ነው። ሰነዱ መጀመሪያ ሲጫን ጎዶሎ ቁጥሮች ብቻ ይሰጣሉ፦ 1.1፣ 1.3፣ 1.5። በ1.3 እና በ1.5 መካከል አዲስ ኖድ ከመጣ 1.4.1 ይባላል። ተጋማሽ (ጎዶሎ ያልሆነ) ቁጥር የሆነው 4 እንደ ደረጃ አይቆጠርም፣ ቦታ ማስፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ኖድ የልጅ ልጅ ሳይሆን ወንድም ሆኖ ይቀራል። የማንም የድሮ ቁጥር አልተነካም። በ1.3 እና በ1.4.1 መካከል ሌላ ቢመጣስ? ቁጥሩ ወደ ታችም ስለሚሄድ 1.4.-1 ይሆናል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ ዋጋው የቁጥሮቹ መርዘም ነው።

ተራው ጨርሶ ለማያስፈልጋችሁ ሰዎች ኤክስኩዌሪ «ተራው አያሳስበኝም» የሚል ማሳወቂያ አለው። ፕሮሰሰሩ ሶርቱን እንዲተው ፈቃድ ይሰጣል። ያን ጊዜ ግን `[1]` ብትሉ የሚመጣው ማንም ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሲጠቀምበት ብዙም አይታይም።

ከኤክስኤምኤል ውጪ

ብራውዘር ውስጥም ይኸው ሐሳብ አለ። በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ በሚወሰንበት ቋንቋ) ሴሌክተር፣ ማለትም መምረጫ፣ ኤለመንቶችን ስትፈልጉ ውጤቱ በሰነዱ ተራ ነው የሚመጣው። ልብ በሉ፦ ሲኤስኤስ ላይ በኮማ የተለያዩ ሁለት ሴሌክተሮች ብትሰጡ የማን ስም ቀድሞ እንደተጻፈ ለውጥ አያመጣም። የሲኤስኤስ ኮማ ሥራው የኤክስፓዝ `|` ነው እንጂ የኤክስፓዝ ኮማ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ሰው እዚህ ላይ መሰናከሉ አይቀርም።

ጄሰን (ሌላ የዳታ አጻጻፍ) ጋ ስንመጣ ሰነዱ ራሱ ግማሽ ተራ ነው ያለው። አሬይ (ዝርዝር) ተራ አለው፣ ኦብጀክት (ቁልፍና ዋጋ የያዘው) የለውም። የጄሰን የኩዌሪ ቋንቋ የሆነው ጄሰንፓዝ ለዓመታት ያለ ስታንዳርድ ሲሠራበት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 አርኤፍሲ 9535 የተባለ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ፣ ይህንንም በግልጽ አስቀምጧል። የአሬይ አባላት በተራቸው ይመጣሉ። የኦብጀክት አባላት ግን በኮከብ («ሁሉንም» በሚለው ምልክት) ሲጠየቁ በየትኛውም ተራ ሊመጡ ይችላሉ። ድግግሞሽም አይወጣም፤ አንድን ነገር በሁለት መንገድ ብትጠይቁት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ልክ እንደ ቃለ አጋኖው።

ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ጄሰን በሚባለው የዳታ ዓይነት ያስቀመጣችሁት ነገር ጽሑፉ እንዳለ ስለሚቀመጥ ቁልፎቹ በጻፋችኋቸው ተራ ይመለሳሉ። ጄሰንቢ የሚባለው ግን ፈትቶ በራሱ አኳኋን ስለሚያስቀምጠው የቁልፎቹን ተራ አይጠብቅም። የቁልፍ ተራ የሚያስፈልገው ሰነድ ካላችሁ ወይ ጄሰንን ምረጡ፣ ወይ ቁልፎቹን አሬይ ውስጥ አስገቧቸው።